ዓሣ ጎርጓሪ ሕፃናት

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል የአማርኛ ተረትና ምሳሌ። ነገር ለሚያበዛ፣ የማያገባውን ለሚጠይቅ፣ የተከደነውን ለሚከፍት ሰው የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ይህንና ይህን የመሰሉ ቃላትን እየሰማን ነው። ጨዋ ልጅ ማለት ታላቅ ሲናገር የሚያዳምጥ፣ የተሰጠውን የሚቀበል፣ «ለምን?» የማይል ልጅ ነበር፤ ጥያቄ የሚያበዛው ግን ቀልቃላ ወይም ነገረኛ ይባላል። እርግጥ ነው፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተቃራኒ ምሳሌም አለን። ይሁንና ይህኛው ሹመት ለሚፈልግ አዋቂ የተነገረ እንጂ ለሰባት ዓመት ሕፃን የተነገረ አይመስልም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከመጀመሪያው ምሳሌ ይነሣል። አንድ ሕፃን የማወቅ ጉጉት ገፋፍቶት እጁን ወደ ባሕር ውኃ ሲሰድ፣ በውኃው ውስጥ የሚጠብቀው ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ልጁ ማወቅ ይገባዋል፤ ፍጡሩም በቤቱ በሰላም መኖር ይገባዋል። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ እኛ አዋቂዎች ለማን እንፈርዳለን? ለማወቅ ሲባል መንካት፣ መያዝ፣ ከመኖሪያው ማውጣትስ ይገባልን? ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል እንጂ፣ የሰው ልጅ ከሌላው ፍጥረት ጋር ያለውን ግንኙነት ሁሉ የሚነካ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ባሕር በቋንቋችን

ከደጋ የወጣ ቋንቋ ስለ ባሕር ፍጡራን የሚናገረው ጥቂት ነው። በምሳሌው ያለው ዘንዶ ማስፈራሪያ ነው። ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ በየዓመቱ በነነዌ ጾም ይታወሳል፤ እርሱም የፈጣሪን ትእዛዝ ፈጽሞ ከታሪኩ ይወጣል። ሦስተኛው ዛጎል ነው። ዛጎል በሕፃናት አንገት፣ በቆዳ ልብስ፣ በወተት ዕቃ ላይ ይታያል፤ ዕጣ ፈንታ እናያለን የሚሉም ይጥሉታል። ነገር ግን ዛጎል የአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት እንደ ነበረ፣ ባለቤቱም በሕይወት ይመላለስበት እንደ ነበር ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ጥንታዊው «ፊሳልጎስ» ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ እንስሳው የሚጠራው ለመንፈሳዊ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን ነው። ምሳሌነቱ መልካም ነው፤ ግን አንባቢው ዓይኑን ከእንስሳው ላይ ቶሎ አንሥቶ ወደ ትምህርቱ ይሻገራል። ዘንዶው ማስጠንቀቂያ፣ አንበሪው መልእክተኛ፣ ዛጎሉ ጌጥ፤ ከሦስቱ አንዱም ራሱን ሆኖ አልታየንም።

ዛሬ በናይሮቢ፣ በሞምባሳ፣ በጂቡቲ ወይም በዳሬሰላም የሚያድጉ የአማርኛ ተናጋሪዎች ልጆች ግን ከእኛ የተለየ ዕድል ገጥሟቸዋል። ለእነርሱ ባሕር የተረት አገር አይደለም፤ የትምህርት ቤት የጉብኝት ቀን ነው። ናይሮቢን ከሞምባሳ የሚያገናኘው አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ቀሏል። ስለዚህ ወላጆቻችን ያልተጠየቁትን ጥያቄ እኛ እንጠየቃለን።

ባሕሩ ሲሸሽ

በኬንያ ጠረፍ ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 3 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ከውኃ በታች የነበረው የኮራል ድንጋይ ይገለጣል፤ በድንጋዩ ጉድጓዶች ውስጥም ጥርት ያሉ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ሕፃናት ተንበርክከው ሊያዩት የሚችሉት ባሕር ይህ ነው። የባሕር ኮከብ፣ እንደ ጃርት እሾኽ ያበቀለ ክብ ፍጡር፣ በሌላ እንስሳ ባዶ ቅርፊት ውስጥ ተሸጉጦ የሚሄድ ሸርጣን፣ ዕድል ከቀናም በስዋሂሊ «ፕዌዛ» የሚባለው ባለ ስምንት ክንዱ ኦክቶፐስ በአንድ ኩሬ አጠገብ ለአጠገብ ይገኛሉ። የጠረፉ ሰዎች የባሕር ኮከቡን «ኪቲ ቻ ፕዌዛ» ይሉታል፤ የኦክቶፐስ ወንበር ማለታቸው ነው።

ታዲያ ልጆቹ ምን ይጠይቃሉ? «ቲቸር፣ ጭንቅላቱ የት ነው? ይተኛል? ሲይዙት ያመዋል? እናቱስ የት አለች?» እነዚህ የተማረ ሰው አፍሮ የተዋቸው ጥያቄዎች ናቸው። ይሁንና የመጀመሪያውን ብቻ እንመልከት። ለብዙ ዘመን ለባሕር ኮከብ የተሰጠው መልስ «ጭንቅላት የለውም» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን በሌሎች እንስሳት ጭንቅላትን የሚቀርጹት ዘረ መሎች በባሕር ኮከብ ክንዶች ሁሉ እንደሚሠሩ፣ ደረትና ሆድን የሚቀርጹት ግን ከውጫዊው አካሉ ከሞላ ጎደል እንደሚጎድሉ አሳየ። በአጭሩ ፍጡሩ ጭንቅላት የሌለው ሳይሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ጭንቅላት የሆነ ነው ማለት ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ በኩሬ ዳር የሚያነሣው ጥያቄና ሊቃውንት በቤተ ሙከራ የደከሙበት ጥያቄ አንድ ነበር።

የእናቱስ ነገር? ሴቷ ኦክቶፐስ እንቁላሎቿን በዋሻዋ ጣለች ማለት የመጨረሻ ሥራዋን ጀመረች ማለት ነው። ምግብ ትታ ትጠብቃቸዋለች፤ ንጹሕ ውኃ ትነፋላቸዋለች፤ ከተፈለፈሉ በኋላ ትሞታለች። ኦክቶፐስ እናቱን ሳያውቅ ብቻውን ያድጋል። ልጁ «እናቱ የት አለች?» ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛው መልስ አንገት የሚያስደፋ ነው፤ ቢሆንም የሚገባው እውነተኛው መልስ ነው።

ጉጉት ንጹሕ ነውን?

እስካሁን ለልጁ ስንከራከር ቆየን፤ አሁን ደግሞ ለተጠያቂው እንስሳ እንከራከር። የሕፃን ጉጉት ክፋት የሌለበት ነው፤ ጉዳት የሌለበት ግን አይደለም። የባሕር ኮከብ የሚተነፍሰው በቀጭን ቆዳውና በእግሮቹ በኩል ከውኃ ውስጥ ነው፤ ለፎቶግራፍ ወደ አየር ሲወጣ እንደ ታፈነ ይቆጠራል። በስዋሂሊ «ጆንጎ ባሃሪ» የሚባለው ለስላሳ የባሕር ፍጡር አብዝተው ሲነካኩት የሆድ ዕቃውን አውጥቶ እስከ መጣል ይደርሳል። ከሥሩ ያለውን ለማየት የተገለበጠ ድንጋይ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ በጥላው የኖሩት ሁሉ ለፀሐይና ለጠላት ይጋለጣሉ። «ባዶ ነው» ተብሎ በኪስ የሚገባው ቅርፊት እንኳ ቤት ለሚፈልገው ሸርጣን መጠለያ ነበር። አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ቢያደርገው ባሕሩ ይችለዋል፤ በየሳምንቱ አርባ ልጅ ሲመጣ ግን ኩሬው ባዶ ይቀራል።

ስለዚህም ነው በኬንያ የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1968፣ የሞምባሳውም በ1986 ተከልለው ማንኛውንም ፍጡርና ቅርፊት ማውጣት የተከለከለው። ሕጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚናገረው ለእጅ ነው። እጅን ማሰር ይችላል፤ ልብን ማስተማር ግን የሌላ ሰው ድርሻ ነው።

በዚህ መካከል በባሕር ዳር ሁለት ዓይነት አዋቂዎች ይታያሉ። አንደኛው ልጁ ገና ጎንበስ ሲል «አትንካ!» ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው «ያዘው እስቲ፣ ፎቶ ላንሣህ» ይላል። እነዚህ ሰዎች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሁለቱም የልጁን ጥያቄ አልሰሙም። የመጀመሪያው ጥያቄውን ሳይወለድ ዘጋው፤ ሁለተኛው በምስል ለወጠው።

የአርስቶትል እጅ

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት በሌስቦስ ደሴት ተቀምጦ የባሕር ፍጡራንን መርምሯል፤ ዓሣ አጥማጆችንም ጠይቋል። የሰው ልጅ በተፈጥሮው ማወቅን ይሻል ብሎ ያስተማረውም እርሱ ነው። ይኸው ሊቅ ስለ ኦክቶፐስ ሲጽፍ ግን ሞኝ ፍጡር ነው ብሎ ፈረደበት። ምክንያቱ ምን ነበር? ሰው እጁን ወደ ውኃ ሲያወርድ ኦክቶፐስ ከመሸሽ ይልቅ ወደ እጁ ይመጣልና ነው።

እስቲ ይህን ፍርድ መልሰን እንመርምረው። ዛሬ እንደምናውቀው ኦክቶፐስ 500 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው በክንዶቹ ነው። በክንዶቹ ላይ ያሉት መምጠጫዎች የነኩትን ይቀምሳሉ፤ ለእርሱ መንካትና መቅመስ አንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ሰው እጅ የቀረበው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ሊሆን ይችላል። ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ሲያደርስ የሚያየው ሰው ሞኝ አይለውም፤ «እየተማረ ነው» ይለዋል። ፈላስፋው በራሱ ወገን ሲያገኘው የተፈጥሮ ክብር ያለውን ነገር፣ በሌላው ፍጡር ሲያገኘው ሞኝነት አለው።

በኩሬው ዳር የሚገናኙት እንግዲህ ጠያቂና ተጠያቂ ብቻ አይደሉም፤ ሁለት ጠያቂዎች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው ሌላውን ከቤቱ ማውጣት መቻሉ ነው። ኃይል ያለው ወገን የተጠያቂነት ሸክም ይበዛበታል። «ያመዋል?» ለሚለው የልጁ ጥያቄም መልስ መስጠት ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ከ300 በላይ ጥናቶችን መርምረው ኦክቶፐስና ሸርጣንን የመሳሰሉ ፍጡራን ሕመምና ጭንቀት እንደሚሰማቸው ጠንካራ ማስረጃ አለ አሉ። በ2022 የወጣው የብሪታንያ ሕግም ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጠራቸው። ልጁ ሕጉን ሳያነብ ጠረጠረ።

መያዝና ማወቅ

እንግዲህ ለማን እንፈርዳለን? የዚህ ጽሑፍ መልስ እንዲህ ነው፤ የልጁ ጉጉትና የእንስሳው ሰላም በእውነት ጠላቶች አይደሉም። ፍጡሩን የሚጎዳው ማወቅ መፈለግ ሳይሆን የራስ ለማድረግ መፈለግ ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ ስለሚሠሩ እንጂ በጠባያቸው አንድ አይደሉም። ማወቅ የሚሻ ሰው ነገሩ ሥራውን ሲሠራ ማየት ይፈልጋል። መያዝ የሚሻ ግን ነገሩ ሥራውን እንዲያቆም ያደርጋል። በባልዲ የገባ ኦክቶፐስ አያድንም፤ ዋሻውን አይጠርግም፤ እንደ ድንጋዩ ቀለሙን እየለወጠ ከዓይን አይሰወርም። ጥያቄ ያስነሣው ነገር ሁሉ ከውኃው ጋር ቀርቷል። በእጅ የቀረው ነገር ከእንግዲህ አያስጠይቅም።

ዛጎል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዛጎሉ በሕይወት ሳለ እንስሳው ለስላሳ ሥጋውን እንደ ነጠላ አውጥቶ ቅርፊቱን ይሸፍነዋል፤ የምናደንቀው ልስላሴና ብልጭታም የሚገኘው ከዚህ የሥጋ ልብስ ነው። እንስሳው ሞቶ ቅርፊቱ በአሸዋና በማዕበል ሲንከባለል ብልጭታው ይጠፋል። በገበያ የሚያብረቀርቁት ትልልቆቹ ዛጎሎች በአብዛኛው በሕይወት ተይዘው የተገደሉት ለዚህ ነው። ገዢው ያደነቀው የሕይወትን ሥራ ነው፤ ወደ ቤቱ የወሰደው ግን ሕይወት የወጣበትን ነገር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ያወቅነው ዛጎል ይህ በመሆኑ፣ አንገታችን ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ምንነቱን ሳንጠይቅ ኖርን።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ የጠረፉ ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ዘንግ ይዘው በኮራሉ ላይ እየተራመዱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። በቃሉ ሙሉ ትርጉም ጎርጓሪዎች ናቸው። ኦክቶፐስ የበላውን የሸርጣንና የቀንድ አውጣ ቅርፊት በደጁ ስለሚጥል፣ ዋሻውን ከደጁ ቆሻሻ ይለዩታል። ከጎብኚው ሁሉ ይልቅ ፍጡሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ይይዙታልም፤ ይገድሉታልም። ታዲያ መያዝ የማወቅ ጠላት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ልጆችም በራሳቸው አንደበት ያነሡታል፦ «አትንኩት ካላችሁን ሰዎቹ ለምን ይበሉታል?» ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጡር ላለመብላት ከሚጠነቀቁ ቤተሰቦች የመጣ ልጅ ደግሞ ጎረቤቱን በንቀት እንዲያይ ሊፈተን ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስረዳት ይገባል። አንደኛ፣ ለእንጀራው የሚያጠምድ ሰው ፍላጎቱ ልክ አለው፤ የዕለት ጉርሱን ካገኘ ይመለሳል። ለጌጥና ለፎቶግራፍ የሚይዝ ሰው ፍላጎት ግን የሚያቆምበት የለውም። ሁለተኛ፣ አጥማጁ ነገም ወደዚያው ድንጋይ ይመለሳልና ዛሬ ያየውን ማስታወስ፣ ትንሹን ማሳለፍ፣ ወቅቱን መለየት ይጠቅመዋል። ጥበቡ የተገኘው ከመግደሉ ሳይሆን ከመመላለሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ሊማር የሚገባው አጥማጁን መውቀስ ሳይሆን አጥማጁን መጠየቅ ነው። አርስቶትልም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የእኛ ድርሻ

«ታዲያ መጽሐፍና ፊልም አይበቃምን?» የሚል ወላጅ ይኖራል። መጽሐፍና ፊልም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ፊልም የሚያሳየው ሌላ ሰው ለሳምንታት ጠብቆ ያገኘውን ቅጽበት ነው፤ ትዕግሥቱ ተቆርጦ ወጥቷል። ልጁ በኩሬ ዳር የሚማረው ትልቁ ነገር ደግሞ ትዕግሥት ነው። ጥላውን ከውኃው ላይ አንሥቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ የተደበቁት ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ በአንድ መውጣት ይጀምራሉ። የሮጠው ልጅ ያላየውን የተቀመጠው ያያል። ይህን ያወቀ ልጅ ፍጡሩን ባለበት መተው ቅጣት አይመስለውም፤ ነገ የሚያየው ነገር ማስቀመጫ እንጂ።

ከአዋቂዎች የሚጠበቀውም ብዙ አይደለም፤ ግን ራስን መግዛት ይጠይቃል። የመጀመሪያው፣ ድንጋይ ከተገለበጠ በቀስታ ወደ ነበረበት መመለስን በተግባር ማሳየት ነው፤ ልጅ ከቃላችን ይልቅ እጃችንን ያያልና። ሁለተኛው፣ እኛ ራሳችን የባሕር ቅርፊት ለሳሎናችን ከመግዛት መታቀብ ነው። «አትንካ» የሚል አባት ትልቅ ዛጎል በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከሆነ፣ ልጁ የተማረው ባሕርን ማክበር ሳይሆን በገንዘብ የተገዛ ነገር እንደማያስወቅስ ነው። ሦስተኛውና ለብዙዎቻችን ከባዱ፣ የማናውቀውን አናውቅም ማለት ነው። በእኛ ባህል «አላውቅም» ማለት ለአባት ወይም ለመምህር ውርደት ይመስላል። የባሕር ኮከብ ጭንቅላት ጉዳይ እንዳሳየን ግን፣ ቶሎ ከተሰጠ የተሳሳተ መልስ ይልቅ ክፍት የቀረ ጥያቄ ይሻላል። «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ያለ መምህር አልተዋረደም፤ ልጁን የሥራ ባልደረባ አደረገው።

እንግዲህ የአበው ምሳሌ ስሕተት ነበር ማለት ነውን? አይደለም። የጎረጎረ ሰው ያልጠበቀውን ሊያወጣ እንደሚችል እውነት ተናግሯል። ልጆቻችን በኬንያ ጠረፍ ኩሬ ሲጎረጉሩ የሚያወጡት ዘንዶ ግን ወደ እኛ የሚዞር ጥያቄ ነው፤ ለምን ይሞታል? ማን ፈቀደላችሁ? የገዛችሁትስ ከየት የመጣ ነው? ይህ ዘንዶ ስለሚያስፈራን ጉድጓዱን እንዲዘጉ ልናዛቸው እንችላለን፤ እነርሱም ጨዋ ልጆች ሆነው ይታዘዙናል። ያን ጊዜ ባሕሩን የሚወርሱት ስለ እርሱ ምንም ጠይቀው የማያውቁ ሰዎች ይሆናሉ። መምህራንና ወላጆች ከሚቀጥለው የጉብኝት ቀን በፊት ሊመክሩበት የሚገባ ነገር ይህ ነው።